ጉዳት የማይለየው የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ይወቀሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድ ኮከብ ለሦስተኛ ጊዜ ጉልበቱን ይዞ ሲወድቅ ደጋፊው ሁለት ቦታ ይከፈላል። ግማሹ ያዝንለታል፣ ግማሹ «እሱ መቼ ጤነኛ ሆኖ ያውቃል?» ይላል። እዚህ የሰበሰብናቸው ጥያቄዎች ከሁለቱም ወገን የሚነሱ ናቸው። ምሳሌዎቹ ከኤንቢኤ፣ ከአሜሪካው ትልቅ የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የተወሰዱ ናቸው፤ «ሊጉ» ስንልም እሱን ነው። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁርጡን ንገሩን፦ ተጫዋቹ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ሰው የሚጠየቀው በወሰነው ነገር ነው። የእግሩ አጥንት ደም በደንብ ይደርሰው እንደሆነ፣ ተከላካዩ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ፣ በሳምንት ስንት ጨዋታ እንደሚደለደል ተጫዋቹ አልወሰነም። ስለዚህ ጉዳት ሲደርስ መጠየቅ ያለበት «ከዚያ በፊት ማን ምን ወሰነ? ሲወስንስ ምን ያውቅ ነበር?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ይዘን ታዋቂዎቹን ጉዳቶች አንድ በአንድ ስናይ ጥፋቱ ተጫዋቹ ላይ የሚያርፍባቸው ጥቂት ናቸው። ጥቂት ማለት ግን የሉም ማለት አይደለም፤ እነሱንም በስማቸው እንጠራቸዋለን።

«ጉዳት የማይለየው» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

ብዙ ጊዜ ባመለጡት ጨዋታዎች ብዛት ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ አሳሳች መለኪያ ነው። የአኪሊስ ጅማቱ (ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያያይዘው) አንዴ የተበጠሰ ተጫዋች ሙሉ የውድድር ዘመን ያመልጠዋል። አምስት ጊዜ ቁርጭምጭሚቱን ወለም ያለው ደግሞ ሃያ ጨዋታ ብቻ ሊያመልጠው ይችላል። በመዝገቡ ላይ የመጀመሪያው የባሰ ይመስላል፤ ተደጋጋሚ ችግር ያለበት ግን ሁለተኛው ነው።

ስሙ ያለፈውን ይናገራል እንጂ የሚመጣውን አይወስንም። አንቶኒ ዴቪስ በ2020–21 36 ጨዋታ፣ በቀጣዩ ዓመት 40 ጨዋታ ብቻ ተጫውቶ መሳለቂያ ሆኖ ነበር። በ2023–24 ከዓመቱ 82 የሊግ ጨዋታዎች 76ቱን ተጫወተ። ግራንት ሂል በኦርላንዶ የመጀመሪያ ዓመቱ 4 ጨዋታ ብቻ ነበር የተጫወተው። በ2008–09፣ በ36 ዓመቱ፣ ለፊኒክስ 82ቱንም ተጫውቷል። ያው ሰው፣ ያው ጠባይ ነው። የተለወጠው የቁርጭምጭሚቱ ሁኔታና የሚደረግለት ክብካቤ ነው።

በተቃራኒው ጫፍ ጆን ስቶክተን አለ፤ በ19 የውድድር ዘመን ያመለጡት ጨዋታዎች 22 ብቻ ናቸው። ኤ ሲ ግሪን 1,192 ጨዋታዎችን ሳያቋርጥ ተጫውቷል። ሁለቱም ራሳቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ነገር ግን እንደነሱ ራሳቸውን ጠብቀው የተሰበሩም ብዙ ናቸው።

እኩል ልምምድ የሚሠሩ ሁለት ተጫዋቾች ሆነው አንዱ የሚሰበረው ለምንድን ነው?

ከአካል አሠራር እንጀምር። በእግር መሃል፣ ከቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት፣ ናቪኩላር የሚባል ትንሽ አጥንት አለ። ስንሮጥና ስንዘል የእግራችን ቅስት ጭነት በእሱ በኩል ያልፋል፤ የመሃል ክፍሉ ግን የሚደርሰው ደም ትንሽ ነው። ስለዚህ በድግግሞሽ ጭነት ስንጥቅ ሲጀምረው ቶሎ አይጠግንም። ሲጀምር ሕመሙ ድብዝዝ ያለና ቦታው በውል የማይታወቅ ነው፤ ስንጥቁ በተራ ራጅም ላይ ላይታይ ይችላል፤ በኤምአርአይ ወይም በሲቲ ስካን ነው የሚለየው። የቢል ዋልተንና የጆኤል ኤምቢድ እግሮች የተሰበሩት እዚሁ አጥንት ላይ ነው። ኤምቢድ በ2014 ክለቦች አዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት የኤንቢኤ ምርጫ ሦስተኛ ሆኖ ተመርጦ ሁለት ሙሉ የውድድር ዘመን ሳይጫወት ቆየ፤ እግሩም ሁለት ጊዜ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በዚያ ሁለት ዓመት የተባለበትን ለሚያስታውስ፣ በ2023 የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ሆኖ መመረጡን ማስታወስም ተገቢ ነው።

ቁመትና ክብደት ሌላው ነገር ነው። ከዝላይ ሲያርፉ እግር ላይ የሚወርደው ኃይል የሰውነትን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናል። ያዎ ሚንግ 2.29 ሜትር፣ ከ140 ኪሎ በላይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ያመለጡት 2 ጨዋታዎች ብቻ መሆናቸውን ብዙ ሰው አያውቅም። ከዚያ በውድድር ዘመኑ ለሊጉ፣ በእረፍቱ ደግሞ ለብሔራዊ ቡድኑ ሲጫወት የእግሩ አጥንቶች በድካም መሰንጠቅ ጀመሩ፤ በ2011 ጨዋታ አቆመ። ይህ የሰነፍ ሰው ታሪክ አይደለም። ያዎ ቢያርፍ ኖሮ የሚወቅሰው አገር ሙሉ ሰው ነበር።

ግሬግ ኦደን በ2007 የመጀመሪያው ተመራጭ ነበር። የሁለቱ እግሮቹ ርዝመት እኩል አልነበረም፤ ገና ጨዋታ ሳይጀምር የቀኝ ጉልበቱ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ2009 የግራ ጉልበቱ ሎሚ ተሰበረ። በኤንቢኤ በጠቅላላው የተጫወተው 105 ጨዋታ ነው። እዚህ ውስጥ ተጫዋቹ በሌላ መንገድ ሊወስነው ይችል የነበረ ነገር ፈልጎ የሚያገኝ ካለ፣ እኛ አላገኘንም።

አንድ ጉዳት ሌላውን ይጠራል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ለዚህ ሁሉ ክርክር ቁልፉም እሱ ይመስለናል። ወደፊት መጎዳትን ከሚጠቁሙ ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ከዚህ በፊት መጎዳት ነው።

በወለምታ እንየው፤ በቅርጫት ኳስ ከሁሉም የሚበዛው ጉዳት እሱ ነው። ተጫዋቹ ሌላ ሰው እግር ላይ ሲያርፍ እግሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና በውጭ በኩል ያሉት ጅማቶች ይለጠጣሉ ወይም ይቀደዳሉ። እብጠቱ በሁለት ሳምንት ሊጠፋ ይችላል። ጅማቱ ግን ውስጡ አቅጣጫና አቀማመጥን ለአንጎል የሚነግሩ ነርቮች አሉበት፤ እነሱም አብረው ይጎዳሉ። እብጠቱ ስለጠፋ ተመልሶ የሚጫወት ሰው ቁርጭምጭሚቱ መታጠፍ ሲጀምር የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ የሚያቀናው ጡንቻም ዘግይቶ ይደርሳል። ሁለተኛው ወለምታ ከመጀመሪያው ይልቅ በቀላሉ የሚመጣው ስለዚህ ነው። በዚያ ላይ ሳያውቀው ክብደቱን ወደ ጤነኛው እግር ያደላል፤ ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊት በደንብ ስለማይታጠፍም ሲያርፍ ጭነቱን ጉልበቱና ዳሌው ይሸከማሉ።

ስቴፈን ከሪ በ2011 እና በ2012 የቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፤ በ2011–12 የተጫወተው 26 ጨዋታ ብቻ ነው። በዚያው ዓመት የፈረመው የአራት ዓመት ውል 44 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ለእንደሱ ያለ ተጫዋች ርካሽ የሆነው ቡድኑም እሱም ቁርጭምጭሚቱን ስለፈሩ ነው። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ትምህርት ነው፤ አቅጣጫ ሲቀይር ቁርጭምጭሚቱ ላይ ይጥለው የነበረውን ጭነት ወደ ዳሌውና መቀመጫው ጡንቻዎች እንዲያዞር ተደረገ። ከወገብ ጎንበስ ብሎ ከባድ ብረት ከመሬት ማንሳት፣ የአንድ እግር ሚዛን፣ በጨዋታ ጊዜ የቁርጭምጭሚት መደገፊያ። በቀጣዩ ዓመት 78 ጨዋታ ተጫወተ። በ2015 እና በ2016 የሊጉ ኮከብ ሆነ። በ2012 ላይ ቆመን ብንፈርድበት ኖሮ «ብርጭቆ» ብለነው ቀርተን ነበር።

ማንም ሳይነካው ራሱ የወደቀስ? ያ የራሱ ድክመት አይደለም?

አይደለም። የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት (ኤሲኤል) አብዛኛውን ጊዜ የሚበጠሰው እንዲህ ነው። ተጫዋቹ በፍጥነት ሄዶ ሲቆም፣ አቅጣጫ ሲቀይር ወይም በአንድ እግር ሲያርፍ ጉልበቱ ብዙ ሳይታጠፍ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እግሩ መሬት ከነካ ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጅማቱ ይለቃል። ይህ ጊዜ አስቦ ለማረም አይበቃም። ዴሪክ ሮዝ ሚያዝያ 28 ቀን 2012 የተጎዳው በዚህ መንገድ ነበር፤ ቺካጎ በ12 ነጥብ እየመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ 1 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ሲቀረው።

በሴት ተጫዋቾች ላይ ይኸው ጉዳት በወንዶቹ ላይ ከሚደርሰው ከእጥፍ በላይ ይደርሳል። ታዲያ ሴቶቹ በእጥፍ ጥፋተኞች ናቸው ሊባል ነው? የአካል አሠራርና የሥልጠና አሰጣጥ ልዩነት ነው። ትክክለኛ የማሟሟቂያ ፕሮግራም ሲሰጣቸው ቁጥሩ በግማሽ ገደማ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ ፕሮግራሙን ያልሰጠ ክለብ ካለ ወቀሳው ወደዚያ ይሂድ።

እሺ፤ ተጫዋቹ በእርግጥ የሚወቀሰው መቼ ነው?

የኤንቢኤ መደበኛ የተጫዋች ውል ያለ ክለቡ ፈቃድ የተከለከሉ ነገሮችን ይዘረዝራል፦ ሞተር ሳይክልና ሞፔድ (አነስተኛ ሞተር ብስክሌት) መንዳት፣ በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ከአውሮፕላን መዝለል፣ ዓለት መውጣት፣ ቦክስና ትግል የመሳሰሉት። ይህን እያወቀ ፈርሞ የጣሰ ሰው ይጠየቃል።

ቭላዲሚር ራድማኖቪች በ2007 የኮከቦች ጨዋታ እረፍት ላይ በበረዶ ሲንሸራተት ትከሻውን ጎዳ። መጀመሪያ በረዶ ላይ አዳልጦኝ ነው ብሎ ነበር፤ በኋላ እውነቱን ተናግሮ 500,000 ዶላር ተቀጣ። ሞንታ ኤሊስ በ2008 ከሞፔድ ወድቆ ቁርጭምጭሚቱን ሲጎዳ እሱም መጀመሪያ ሌላ ምክንያት ሰጠ፤ ያለ ደመወዝ 30 ጨዋታ ታገደ። ጄይ ዊሊያምስ በ2002 ሁለተኛ ሆኖ የተመረጠ ተጫዋች ነበር፤ በ2003 በሞተር ሳይክል አደጋ የተጎዳው እግሩ ዳግም ወደ ኤንቢኤ ጨዋታ አልመለሰውም። በእሱ ላይ ከደረሰው በላይ ወቀሳ መጨመር ግን የሚጠቅም አይመስለንም። አማሬ ስታውደማየር በ2012 ጥሎ ማለፍ ከሽንፈት በኋላ በንዴት የእሳት ማጥፊያ ሣጥን መስታወት መትቶ እጁን ቆረጠ፤ ቀጣዩን ጨዋታ አልተጫወተም።

ቀለል ያለ፣ ግን የሚቆጠር ሌላ ዓይነትም አለ። ሻኪል ኦኒል በ2002 የእግር ጣቱን ቀዶ ጥገና እረፍቱ እስኪያልቅ አዘግይቶ መስከረም ላይ አደረገ። በሥራ ላይ ስለተጎዳሁ የማገግመውም በሥራ ጊዜ ነው የሚል አቋም ነበረው። የመጀመሪያዎቹን 12 ጨዋታዎች አልተሰለፈም፣ ቡድኑም ከነዚያ 9ኙን ተሸነፈ። ጉዳቱ የእሱ ጥፋት አልነበረም፤ ጊዜው ግን የእሱ ምርጫ ነበር።

ከዚህ ወዲያ ተጫዋቹ የሚጠየቀው የተሰጠውን የማገገሚያ ልምምድ ሲተው፣ ሕመምን ሆን ብሎ ሲደብቅ ወይም እንቅልፉን ሲያባክን ነው። እነዚህን ግን ከውጭ ሆኖ ማየት አይቻልም። ደጋፊ ያላየውን ባይፈርድ ይሻላል።

ክብደቱን ያልተቆጣጠረስ? ዛየንን ለምን ዘለላችሁት?

አልዘለልነውም። ዛየን ዊሊያምሰን በ2021–22 በቀኝ እግሩ ስብራት ምክንያት አንድም ጨዋታ አልተጫወተም፤ በቀጣዩ ዓመት 29 ብቻ ተጫወተ። በ2022 የፈረመው ውል በየጊዜው ክብደቱ እንዲመዘን የሚያደርግ አንቀጽ እንዳለው ተዘግቧል፤ በፓውንድ የተለካው ክብደቱ ከሰውነቱ የስብ መቶኛ ጋር ተደምሮ ከ295 መብለጥ የለበትም። በ2023–24 ደግሞ 70 ጨዋታ ተጫውቷል።

ክብደት በከፊል በሰው እጅ ነው፤ ስለዚህ በከፊል ይጠየቅበታል። ሁለት ነገር ግን አብሮ ይታይ። አንደኛ፣ እግሩ የተሰበረ ሰው መሮጥ ስለማይችል ክብደት ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜ መወፈሩ የጉዳቱ ውጤት ሆኖ ሳለ እንደ መነሻው ይቆጠራል። ሁለተኛ፣ እንደ እሱ ፈጥኖና ከፍ ብሎ የሚዘል ከባድ ሰው ስብ ባይኖረውም ጭነቱ ትልቅ ነው። አሥር ኪሎ መቀነስ ይረዳዋል፤ ሌላ አካል አይሰጠውም።

ሐኪም «ድነሃል» ብሎት አልጫወትም ያለ ተጫዋች ፈሪ አይደለም?

ሮዝ በ2012–13 የተሰደበው በዚህ ነበር። ሐኪሞች ፈቅደውለት ሳለ ዓመቱን ሙሉ ሳይጫወት ቀረ። በኅዳር 2013 ተመልሶ ብዙ ሳይቆይ የሌላኛው ጉልበቱ ሜኒስከስ (በአጥንቶቹ መካከል ያለው ልስልስ ትራስ) ተቀደደ፤ በ2015 መጀመሪያም ያው ተደገመ።

«ድኗል» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። ቀዶ ሐኪሙ ጅማቱ ቦታው ላይ ይዟል ማለቱ አንድ ነው፤ ጉልበቱ የሊግ ጨዋታ ይችላል ማለት ሌላ። ከኤሲኤል ቀዶ ጥገና በኋላ ወደ ጨዋታ ለመመለስ ዛሬ የሚጠየቀው ቢያንስ እነዚህን ያካትታል፦ ከ9 ወር ያላነሰ ጊዜ፣ የተጎዳው እግር የፊት ጭን ጡንቻ ጉልበት ከጤነኛው ቢያንስ 90 በመቶ መድረስ፣ በአንድ እግር ዝላይ ፈተናዎችም እንዲሁ 90 በመቶ፣ እና ከልምምድ በኋላ የማያብጥ ጉልበት። ከ9 ወር በፊት የተመለሱት እንደገና የመበጠስ አደጋቸው በግልጽ ከፍ ያለ ነው። ጡንቻው 75 በመቶ ላይ ሆኖም በቀጥታ መሮጥ ይቻላል፤ ችግሩ የሚገለጠው በድንገት ሲቆሙ ነው።

የሥነ ልቦና ዝግጁነትም እንደ ጡንቻው ይለካል። ለዚሁ ጉዳት የተዘጋጀ 12 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ አለ። ጉልበቱን የማያምን ተጫዋች ከዝላይ ሲያርፍ እግሩን ይገትራል፣ ክብደቱን ወደ ጤነኛው እግር ይጥላል፤ ይህ ራሱ አደጋ ነው። ስለዚህ «ገና አላመንኩትም» የሚል ተጫዋች ለሐኪሙ ጠቃሚ መረጃ እየሰጠ ነው።

ካዋይ ሌናርድም በ2017–18 የጭኑ ጅማት አሞት ከክለቡ ሐኪሞች ጋር ሳይስማማ 9 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በቀጣዩ ዓመት ከቶሮንቶ ጋር፣ እረፍቱ እየተጠበቀለት፣ 60 ጨዋታ ተጫውቶ ዋንጫ አነሳ፤ የፍጻሜው ኮከብም እሱ ነበር። ከክለቡ ውጭ የሌላ ሐኪም አስተያየት መጠየቅ በሊጉና በተጫዋቾቹ ማኅበር ስምምነት የታወቀ መብት ነው፤ እንደ ክህደት ሊታይ አይገባም።

እያመመው የተጫወተውስ? እሱ ጀግና አይደል?

ድፍረቱን እናከብራለን፤ ግን ውሳኔው ምን እንዳስከፈለ ሳይነገር አይታለፍ።

ቢል ዋልተን በ1978፣ የሊጉ ኮከብ በሆነበት ዓመት፣ ለጥሎ ማለፍ ሲመለስ እግሩ ላይ ማደንዘዣ መርፌ ተወጋ። ከጨዋታው በኋላ ናቪኩላር አጥንቱ ተሰብሮ ተገኘ። ቀጣዩን የውድድር ዘመን ሙሉ አልተጫወተም፤ በኋላም ሌሎች ሁለት ሙሉ ዓመታት አለፉት። መርፌው የሚያጠፋው ሕመሙን ነው። ሕመም ደግሞ «ጭነቱን ቀንስ» የሚል መልእክት ነው፤ መልእክቱ ሲጠፋ ጭነቱ ይቀጥላል።

ግራንት ሂል በ2000 በታመመ ቁርጭምጭሚት ጥሎ ማለፍ ውስጥ ገባ፤ ተሰብሮ ወጣ፤ ያ ስብራት ዓመታት በላው። በ2003 አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ እንዲስተካከል ከተደረገ በኋላ ለሕይወቱ ያሰጋ ኢንፌክሽን ያዘው። አይዛያ ቶማስ በ2017 ዳሌው እየታመመ ቦስተንን ተሸክሞ ተጫወተ፤ በዚያው ክረምት ወደ ሌላ ክለብ ተሸጠ፤ የሚጠብቀውንም ትልቅ ውል ከዚያ ወዲያ አላገኘም።

የባት ጡንቻ ጉዳት ለብቻው ይነሳ። ኬቪን ዱራንት በግንቦት 2019 ባቱን ተጎዳ፤ ከአንድ ወር በኋላ በፍጻሜው አምስተኛ ጨዋታ ተመልሶ 12 ደቂቃ እንደተጫወተ የአኪሊስ ጅማቱ ተበጠሰ። ታይሪስ ሃሊበርተን በ2025 ፍጻሜ ባቱን ተጎድቶ ቀጠለ፤ በሰባተኛው ጨዋታ ያው ጅማት ተበጠሰ። የባት ጡንቻና የአኪሊስ ጅማት የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች ናቸው። ጡንቻው ሲደክም ግፊቱን መቆጣጠር ያቅተዋል፣ ጅማቱ ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ጉተታ ይጨምራል። ጉዳቱ ባይኖርም ይበጠስ ነበር ወይ የሚለውን በአንድ ሰው ላይ ማረጋገጥ አይቻልም። ሃሊበርተን ራሱ ቢደገም እንደገና እጫወታለሁ ብሏል። አውቆ የወሰነ አዋቂ ሰው ነው፤ ውሳኔው የእሱ ነው። የምንቃወመው ያንኑ ሰው አንድ ሳምንት «ጀግና»፣ በሚቀጥለው ዓመት «ጉዳት የማይለየው» ማለትን ነው። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

የሌላ ተጫዋች ጥፋት ሲሆንስ? ሜዳውስ?

በግንቦት 2017 ሌናርድ ሲወረውር ዛዛ ፓቹሊያ እግሩን ማረፊያው ላይ አስገብቶ ቁርጭምጭሚቱን አስጎዳው። ከዚያ በኋላ ሊጉ ለወርዋሪ ማረፊያ ቦታ መንፈግ በከባድ ጥፋት እንዲያስቀጣ አደረገ። ፖል ጆርጅ በ2014 በብሔራዊ ቡድን የልምምድ ጨዋታ እግሩ የተሰበረው የቅርጫቱ ምሰሶ ከመስመሩ በጣም ስለቀረበ ነው። ጎርደን ሄይዋርድ በ2017 በአዲሱ ክለቡ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ገና አምስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ በአየር ላይ ተጋጭቶ ወድቆ እግሩ ተሰበረ። እዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም።

ተጫዋችን ማሳረፍ (ሎድ ማኔጅመንት) ስንፍና ነው?

አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነው ክለቡ ነው፤ ስለዚህ ተጫዋቹን ሰነፍ ማለት አድራሻውን መሳት ነው። ከ2023–24 ጀምሮ ሊጉ ለዓመቱ ኮከብነትና ለመሳሰሉት ሽልማቶች ቢያንስ 65 ጨዋታ መጫወትን ግዴታ አድርጓል፤ ክለቦችም ኮከቦቻቸውን እንደፈለጉ እንዳያሳርፉ ደንብ አውጥቷል። በጥር 2024 ሊጉ ያቀረበው ጥናት ማሳረፍ ጉዳትን እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል።

በእኛ እይታ ይህ ለሁሉም እኩል መልስ አይሆንም። ጤነኛን ተጫዋች በዘፈቀደ ማሳረፍ ትርጉሙ ትንሽ ነው። የጉልበት ጅማቱ ለታመመ ሰው ግን በተከታታይ ሁለት ቀን መጫወትና አንድ ቀን አርፎ መጫወት ልዩነት አለው፤ ጅማት ከከባድ ጭነት በኋላ ለመታደስ ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል። 65 ጨዋታው ደግሞ ሌላ ጎን አለው፦ 62 ላይ የደረሰና ባቱ ያመመው ተጫዋች ሽልማቱ ከሚያስገኘው ገንዘብ ጋር እየታገለ ይወስናል።

እኔም እጫወታለሁ። በእጄ ያለውን ነገር በትክክል እንዴት ልሥራ?

ከጨዋታና ከልምምድ በፊት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ጊዜ። ቀስ ብሎ ሩጫ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ሩጫ፣ ከዚያ ማረፍን መለማመድ፦ 3 ዙር 5 ዝላይ፤ ሲያርፉ ጉልበት ከእግር ጣቶች አቅጣጫ ሳይወጣ፣ መቀመጫ ወደ ኋላ፣ ድምፅ ሳያሰሙ። ድምፅ ካለ ጉልበት በበቂ አልታጠፈም ማለት ነው። በአንድ እግር መቆም 30 ሰከንድ፣ ለእያንዳንዱ እግር 3 ጊዜ፤ ሲቀል ዓይን ጨፍኖ።

ለባትና ለአኪሊስ፣ በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት፣ 3 ዙር ከ12 እስከ 15፤ ግማሹን ጉልበት ቀጥ አድርጎ፣ ግማሹን አጥፎ። አጥፎ የሚሠራው ውስጠኛውን የባት ጡንቻ ስለሚያሠራ አይዘለል፤ ብዙ ሰው የሚተወው ግን እሱን ነው። ለቋንጃ፣ ጓደኛ ቁርጭምጭሚትን ይዞ ተንበርክኮ ቀስ እያሉ ወደ ፊት መውደቅ፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከ2 እስከ 3 ዙር 5 ጊዜ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ጡንቻው በጣም ስለሚያም ከጨዋታ ቀን በፊት አይጀመር።

የሚበላሸው የት ነው? ፕሮግራሙ በሦስተኛው ሳምንት «አሰልቺ ነው» ተብሎ ይተዋል፤ ወይም ቁጥሩ ይሞላል፣ ጉልበቱ ግን ወደ ውስጥ እየገባ። የሚያስተውል ሰው ከሌለ በስልክ ከፊት ለፊት ቀርጾ ማየት ይበቃል።

እንቅልፍን አታቃልሉ። በ2014 በወጣት ስፖርተኞች ላይ የወጣ ጥናት ከ8 ሰዓት በታች የሚተኙት የመጎዳት ዕድላቸው 1.7 እጥፍ እንደነበር አሳይቷል።

ቁርጭምጭሚቴን ወለም ብሎኛል። መቼ ልመለስ?

መጀመሪያ ስብራት አለመሆኑን ማወቅ ነው። በተጎዳው እግር አራት እርምጃ መራመድ ካልተቻለ፣ ወይም የቁርጭምጭሚቱ ጎባጣ አጥንት የኋላ ጠርዝና ጫፍ ሲነካ ካመመ ራጅ መነሳት ያስፈልጋል። ስብራት ከሌለ ጠቅልሎ ለሳምንታት መተኛት አይጠቅምም፤ በሚችሉት መጠን ቶሎ መንቀሳቀስ ይሻላል።

ለመመለስ በቀን መቁጠር ሳይሆን በእነዚህ ፈተናዎች ይወሰን፦ ሳያነክሱ መሮጥ፤ በተጎዳው እግር ብቻ 20 ጊዜ ተረከዝ ማንሳት፤ እግርን ግድግዳ ፊት አድርጎ ተረከዝ ሳይነሳ ጉልበትን ግድግዳ ማስነካት፣ ከጤነኛው እግር ጋር ያለው የርቀት ልዩነት ከ2 ሴንቲ ሜትር ሳይበልጥ፤ በአንድ እግር ወደ ጎን መዝለልና ሳይንገዳገዱ ማረፍ። አንዱ ካልተሳካ ጨዋታው ይቆይ። ከተመለሱ በኋላ መደገፊያ ማድረግ ወለምታው እንዳይደገም በደንብ ይረዳል፤ ቢያንስ ለ6 ወር ባይለይ ጥሩ ነው። መደገፊያው ግን የሚዛን ልምምዱን አይተካም።

ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ሕመሙን የማይነግረኝን ልጅ እንዴት ልያዘው?

ልጁ የሚደብቀው ሲናገር ምን እንደሚከተል ስላየ ነው። «አመመኝ» ያለው ጓደኛው ቦታውን ካጣ ወይም ከተሳቀበት፣ ሌሎቹ አይናገሩም። ስለዚህ ጥያቄውን ለሁሉም እኩል አድርጉት፦ ከልምምድ በፊት እያንዳንዱ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ይንገር፤ በቃል ሳይሆን በወረቀት ቢሆን ይሻላል። እስከ 3 ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ካልባሰ ልምምዱን ይቀጥል፣ ዝላዩ ብቻ ይቀነስ። 4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ወይም ካነከሰ ዕለቱን ኳስ ቅብብልና ነጻ ውርወራ ይሥራ፤ ከቡድኑ ግን አይለይ። አጥንት ላይ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ሌሊትም የሚያም ሕመም ከሆነ ሐኪም ሳያየው አይሩጥ።

ኤንቢኤና የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን በ2016 ያወጡት የታዳጊዎች መመሪያ ልጆች ከ14 ዓመት በፊት በቅርጫት ኳስ ብቻ እንዳይወሰኑ፣ በሳምንትም ቢያንስ አንድ ቀን እንዲያርፉ ይመክራል። ለክለብም ለትምህርት ቤትም የሚጫወት ልጅ ካለ የሁለቱን ፕሮግራም አንድ ወረቀት ላይ አስቀምጡት። ሁለቱም አሠልጣኞች አንድ አንድ ቀን ያሳርፋሉ፤ የአንዱ የእረፍት ቀን ግን ለሌላው የልምምድ ቀን ሆኖ ይገኛል፣ ልጁም ሰባቱንም ቀን ይሮጣል።